ተራራውን የበሱ ታላቅ ሰው

ትልቅ ሰው ትልቅ የሚባለው ያለውን ነገር ከሌላው ቀድሞ ስላየ አይደለም። ያለውንማ ማንም ያያል። ትልቅ ሰው የሌለውን ያያል፤ አይቶም ዝም አይልም፣ በጀት ያስይዝለታል። የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ የማዕድን ሀብት ጥናት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬም ያየሁትን ሳይሆን እሳቸው ያዩትን መጻፍ ነው። ዛሬ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ላቀርብ ነው፤ መሐል ላይ ሲጣሉ ካያችሁ ሽምግልና ትገቡላቸዋላችሁ።

ከከተማችን በስተጀርባ አንድ ተራራ አለ። ከግርጌው እስከ ጫፉ ደን ለብሷል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጥብቅ ደን ነው፤ ጥብቅ ማለት ምሳር ይዞ መግባት፣ እሳት ማንደድ፣ መሬቱን መቆፈር፣ ሌላው ይቅርና ለምርኩዝ የምትሆን እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው ማለት ነው። መግቢያው ላይ የብረት በር፣ ከበሩ አጠገብ የቆርቆሮ ጎጆ፣ ከጎጆዋ ደጃፍ ደግሞ የደን ጠባቂው አለ። ከተራራው ወገብ፣ ከዐለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ በቧንቧ ወርዶ ከተማውን ያጠጣል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው፣ ዘይት ቀይሩልኝ አይል፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይዞት ይመጣል። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አሠራር ይዘን ስንኖር ማናችንም አላፈርንም።

ያፈሩት ክቡር ዳይሬክተሩ ናቸው። በዓመቱ ግምገማ ላይ የሌላው አካባቢ መሥሪያ ቤቶች ወርቅ አገኘን፣ እብነ በረድ አገኘን እያሉ በየተራ ሲቀርቡ ቆይተው የእኛ ተራ ደረሰና አሸዋ አቀረብን። ጥሩ አሸዋ ነበር። ግን አሸዋ ያቀረበ ሰው ለሹመት አይታጭም። ክቡር ዳይሬክተሩ ከግምገማው ተመልሰው ቢሯቸው ገቡ፤ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተራራውን ሲያዩት ዋሉ። ተራራውም ሲያያቸው ዋለ። ያን ያህል ዓመት ፊት ለፊት ሲኖሩ ሁለቱ በወጉ ተያይተው አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ የተላከችው ጂኦሎጂስቷ ናት። ይህች ሴት በመሥሪያ ቤታችን ብዙ የማትመሰገን ባለሙያ ናት፤ ጥፋቷም አንድ ነው፣ የተጠየቀችውን ትመልሳለች። መዶሻዋንና ቦርሳዋን ይዛ ተራራው ላይ በእግሯ ስትወጣ ስትወርድ ሰነበተች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ክንዷ በእሾህ ተቧጭሮ ስትመለስ ስብሰባ ተጠራ። በሁላችን ፊት ቦርሳዋን ከፍታ ድንጋዮቿን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«እሺ፣ ምን አለ?» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ።

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ መኖሩን ከዚህም ሆኜ አየዋለሁ። በድንጋዩ ውስጥ ምን አለ?»

«በድንጋዩ ውስጥም ድንጋይ ነው። ተራ ጥቁር ድንጋይ፤ መንገድ ዳር ከሚፈለጠው አይለይም። የተራራው ሀብት ውሃው ነው። ደኑ ዝናቡን ይይዘዋል፣ ዐለቱ ሆዱ ውስጥ ያጠራቅመዋል፣ ምንጩ ያወርድልናል። ስለዚህ እንዳይነካ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ውሃ ማዕድን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ከአጀንዳ ውጭ ታወሪያለሽ?» አሉና ክቡር ዳይሬክተሩ ተነሥተው ቆሙ። ሲቆሙ ሊናገሩ ነው፤ እኔም ብዕሬን አዘጋጀሁ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባዶ ቤት የሚቆልፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ታዲያ ይህን ተራራ አባቶቻችን በብረት በር ዘግተው፣ ዘበኛ ቀጥረው፣ ሕግ አውጥተው የጠበቁት ለባዶ ድንጋይ ኖሯል?»

«ኧረ ለደኑ ነው» አለች ጂኦሎጂስቷ።

«ደን ላዩ ነው! ላዩን እንዲህ አጥብቆ የሚሸፍን ሰው ከሥር የሚሸሽገው ነገር አለው። አንቺ ምንም አለማግኘትሽ ራሱ ምን ያህል በደንብ እንደተደበቀ ያሳያል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጥናት ጥልቀት የጎደለው ሆኖ ስለተገኘ ሁለተኛው ጥናት በጥልቀት፣ ማለትም በማሽን፣ እንዲካሄድ አቅጣጫ ተቀመጠ። ጂኦሎጂስቷም ለልፋቷ ዕረፍት እንዲሆናት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውራ የተሰነጠቁ የፕላስቲክ የሥራ ቆቦችን ካልተሰነጠቁት እንድትለይ ተደረገ።

አሁን የቀረው ሕጉ ነበር። የሕግ ባለሙያችን ቀጭን ሰው ነው፤ ሕግ ውስጥ ቀዳዳ አይቶ ሾልኮ በመግባት የሚወዳደረው የለም። መነጽሩን ወልውሎ አንቀጹን አነበበና፣ «ሕጉ የሚከለክለው መቆፈርን ነው። መብሳትን አይከለክልም» አለ። ሁላችንም ተንፈስ አልን። ማሽኑን የሚያሳልፍ መንገድ ግን አልነበረም፤ አዲስ መንገድ ማውጣትም ክልክል ነው። የሕግ ባለሙያው ጥቂት አሰበና ደኑ ውስጥ የሚዳቋ ዱካ መኖሩን ጠየቀ። አለ ተባለ። «እንግዲያው አዲስ መንገድ አይደለም። ነባሩን መንገድ ማስፋት ነው።» በዚህ ዓይነት ሚዳቋዋ ውሃ ለመጠጣት የምትወርድበት ቀጭን ዱካ ሁለት ከባድ መኪና ጎን ለጎን እንዲያሳልፍ ሆኖ ሰፋ። ሚዳቋዋ ለልማቱ ያደረገችው አስተዋጽኦ በመግለጫዬ ላይ በክብር ተጠቅሷል። ራሷ ግን ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

የመንገዱ ጨረታ እጅግ ግልጽ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ስለተገለጸ ከዚያ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። ሰውየው የክቡር ዳይሬክተሩ የአክስት ልጅ ነው፤ ተቋራጭ ነው፤ ዶዘር አለው፤ ዘመድ መሆኑ እንዲያውም ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ነው፣ ቢሰርቅ የት ይሄዳል?

ዶዘሩን ይዘን የደኑ በር ላይ ስንደርስ የደን ጠባቂው ከጎጆው ወጥቶ በሩ መሐል ቆመ።

«ወዴት ነው ጌቶቼ?»

«ደኑን ልንጠብቅ ነው የመጣነው» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ በትሕትና። «ከሥሩ ምን እንዳለ ሳናውቅ ከምን እንደምንጠብቀው እንዴት እናውቃለን?»

«እስከ ዛሬ ከምን ስጠብቀው የኖርኩ መሰለዎት?»

«ከምን?»

«እንደ እርስዎ ካለ ሰው ነዋ!»

ክቡር ዳይሬክተሩ ከልባቸው ሳቁ። ጨዋታ ይወዳሉ። «ተጫዋች ነህ፤ ቆብ ስጡት» አሉ። የደን ጠባቂው አንድ ቢጫ ቆብ ተሰጠው። በሩም ለዶዘሩ ስለጠበበ ከነመቃኑ ተነቅሎ፣ እንዳይጎዳ ተብሎ፣ አንድ ዛፍ ላይ ዘንበል ብሎ እንዲያርፍ ተደረገ። ማታውን ዛፉም ተነሣ። ዛፍ ተቆረጠ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሐሰት ነው። ዛፎቹ ከጥናቱ አካባቢ እንዲነሡ ተደረጉ እንጂ አልተቆረጡም። ከመካከላቸው ከመሥሪያ ቤታችን በፊት ጀምሮ ያገለገሉ ስለነበሩ፣ እነሱን በተመለከተ ትክክለኛው ቃል በክብር ተሰናበቱ ነው።

በዚያ ሰሞን ንግግር ለማጸደቅ ክቡር ዳይሬክተሩ ቤት ሄድኩ። ክቡር ዳይሬክተሩ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፤ እናትየው ግን «እሱ ነው እኔ ዘንድ የሚኖረው» ይላሉ። ሴትየዋ ምርኩዝ ይዘው ጓሮ ጎመናቸውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። የልጃቸው ሹፌር ሳይቀር ይፈራቸዋል፤ ጎመኑን ረግጦ አያልፍም።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «እዚያ ተራራ ላይ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«ጥናት ነው፣ እማማ።»

«ጥናት እንዲህ ይጮኻል እንዴ? እኛ ልጆች ሆነን ስናጠና ዝም በሉ ነበር የምንባለው።»

እሳቸውም ቧንቧውን ዘግተው ተራራውን ረዘም አድርገው አዩት። ቧንቧ ሳይገባ በፊት በልጅነታቸው ከዚያ ምንጭ ውሃ ይቀዱ እንደነበር፣ ውሃው በበጋም ቢሆን ቀንሶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። እኔ ግን ንግግሩን ማጸደቅ ስለነበረብኝ በጥሞና አልሰማኋቸውም።

ማሽኑ ተራራውን ሲበሳ ሰነበተ። የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። ክቡር ዳይሬክተሩ በየቀኑ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ይመጣሉ፤ ዱቄቱን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ፀሐይ ያነሡታል፤ «ተቃርበናል፣ ዝም ማለቱን አትዩ» ይላሉ። የማሽኑ ኃላፊ የሆነው ሰውዬ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ «ጌታዬ፣ ከታች ያለው ድምፅ ተለውጧል፣ ብናቆም ይሻላል» አላቸው። «የተለወጠው ደርሰንበት ነው፤ ግፋ!» አሉት። ገፋ። ተራራው ውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ፤ የማሽኑ ብረት ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ከቀዳዳው ውስጥ ነጭ ዓምድ እየጮኸ ወደ ሰማይ ወጣ። ሠራተኛው ተበታተነ። ክቡር ዳይሬክተሩ ብቻ በቆሙበት ቀሩ፤ ከቆባቸው እስከ ጫማቸው ረሰረሱ።

«ነዳጅ!» ብለው ጮኹ። ከአገጫቸው የሚንጠባጠበውን ላሱት። «ደግሞ የተጣራ!»

«ጌታዬ፣ ውሃ ነው» አለ የማሽኑ ኃላፊ።

ክቡር ዳይሬክተሩ ለጥቂት ጊዜ አሰቡ። የትልቅ ሰው ትልቅነት የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ እኔ ዞሩና «ለጊዜው ፈሳሽ ሀብት በለው» አሉኝ። በማግሥቱ የወጣው መግለጫዬ ርዕስ፣ «በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ፈሳሽ ሀብት በጥናት ተገኘ» የሚል ነበር።

ውሃው በፈነዳበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የከተማው ቧንቧ ሁሉ ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለና አየር ተፋ፤ ከዚያ ዝም አለ። ምንጩ ደርቆ ነበር። ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ደግሞ በአዲሱ መንገድ ጥቂት ወርዶ ይታጠፍና በተራራው ጀርባ ወዳለው ሰው ወደማይኖርበት ገደል ይምዘገዘጋል። ከተማው ጀሪካን ይዞ ወጣ። የዳቦ ጋጋሪው ቡኮ ሳይቦካ ቀረ፤ ሆስፒታሉ አልጋ ልብስ ማጠብ አቆመ፤ አራስ ቤት ያለች ሴት ለሕፃኗ መታጠቢያ ውሃ በሲኒ ከጎረቤት ለመነች።

ክቡር ዳይሬክተሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ፊታቸው በደስታ ያበራል።

«የጊዜውን መገጣጠም ተመልከቱልኝ!» አሉ። «ከተማው ውሃ አጣ። መሥሪያ ቤታችን ውሃ አገኘ። በአንድ ቀን! ይህን ያህል የቀረበ መፍትሔ በየትኛው አገር ታይቷል?»

ጂኦሎጂስቷ ሳትጠራ ከግምጃ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የተገኘው የጠፋው ነው» አለች። «አንድ ውሃ ነው። የበሳችሁት የምንጩን ሆድ ነው። ቀዳዳው ይደፈን፤ ምንጩ ይመለሳል።»

«ማስረጃ?»

«ቧንቧው ደርቋል፤ ጉድጓዱ ይፈሳል። ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

«ሁለቱን አታደባልቂ» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ እንደ አባት። «ቧንቧው የውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጉድጓዱ የእኛ ነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ድርቀት ከእኛ ግኝት ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ ሰው ፈልጎ ፈልጎ ያገኘውን መልሶ ይደፍናል?»

በሳምንቱ ተቋራጩ የአክስታቸው ልጅ ቦቴ መኪናዎች ይዞ መጣ። ቦቴዎቹ ተራራው ላይ ወጥተው የተገኘውን ውሃ እየሞሉ ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ተሰልፎ በጀሪካን ይገዛል። ቦቴ ያጣው ብዙው ውሃ አሁንም ገደል ይገባል፤ እሱ ግን ስለማይሸጥ በሪፖርት አልተካተተም። ከበላይ አካልም መልእክት ደረሰ፤ ፈሳሽ ሀብቱን የሚጎበኝ ልዑክ ይመጣል፣ ክቡር ዳይሬክተሩም ለከፍተኛ ኃላፊነት ታጭተዋል ይላል።

የመጀመሪያው ቦቴ የቆመው በክቡር ዳይሬክተሩ ደጅ ነበር። እኔም ለፎቶግራፍ ተገኝቻለሁ። እናታቸው በምርኩዛቸው በሩን ዘግተው ቆሙ።

«መልሰው» አሉት ሹፌሩን። «የጎረቤቶቼ ጀሪካን ባዶ ሆኖ የኔ በርሜል አይሞላም።»

«እማዬ፣ ካሜራ አለ» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይኑር! ለመሆኑ ይህ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከተራራው። እኛ ነን ያገኘነው።»

«ድሮስ ከየት ነበር የሚመጣው?»

«ከ… ያው ከተራራው ነው። ግን ያን ጊዜ በጥናት አልነበረም።»

«አየህ ልጄ፣ ከኪሴ አውጥተህ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት እያልከኝ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ፣ ያቺን ሴት ከሆዴ እንደማወጣት አላወቅሁም ነበር።»

ፎቶግራፉ ለኅትመት አልበቃም።

በማግሥቱ ሴትየዋ መሥሪያ ቤታችን መጡና «ያቺ ድንጋይ የምታውቀው ልጅ የት ናት?» አሉኝ። ለሰላምታ መስሎኝ ግምጃ ቤት ወሰድኳቸው። ጂኦሎጂስቷ በቆብ ክምር ተከባ ተቀምጣለች። እናት አንዱን ክምር ገለል አድርገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ቀዳዳ እንዴት ነው የሚደፈን?»

«በመጀመሪያ በትእዛዝ ነው፣ እማማ» አለች ጂኦሎጂስቷ በምሬት። «ትእዛዝ ከሌለ አይደፈንም።»

«ማን ነው የሚያዘው?»

«ክቡር ዳይሬክተሩ ናቸው።»

«እሱን የሚያዘውስ?»

«የበላይ አካል።»

«የወለድኩት እኔ! ከኔ በላይ ደግሞ ምን አካል አለው? በይ፣ አዝዣለሁ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ጂኦሎጂስቷ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ሳቀች፤ ግምጃ ቤት ከገባች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «እንጨት፣ ጠጠር፣ ጭቃ፣ ሲሚንቶ» አለች። «ደግሞ ብዙ ሰው።»

እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከተማው ተራራውን ወጣ። መንገዱ ለልማት የተሠራ ነበር፤ ሕዝቡም ለልማት ተጠቀመበት። ዳቦ ጋጋሪው መዶሻ፣ አናጢው ምሳር፣ ሴቶቹ አካፋና የጭቃ ባልዲ፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ አሮጌ ብርድ ልብስ ተሸክመዋል። የቦቴው ሹፌር ሳይቀር መጥቷል። ውሃውን ሸጦ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «እኛስ ምን እንጠጣ?» ስትለው እንደሰነበተች ለአናጢው ሲነግረው ሰምቻለሁ። የክቡር ዳይሬክተሩ እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ያዝዛሉ፤ ጂኦሎጂስቷ ትእዛዙን ወደ ሙያ ትለውጣለች።

አናጢው በክብር ከተሰናበቱት ዛፎች አንዱን ጫፉን አሾለው። በብርድ ልብስ ጠቀለሉትና ቀዳዳው ላይ አቁመው በመዶሻ መቱት። ውሃው እንደ ቡሽ ወረወረው፤ ዳቦ ጋጋሪው ከነመዶሻው ጭቃ ውስጥ ተዘረጋ። ደገሙት፤ እንደገና ተፋው። «መጠቅለያው ስስ ነው!» ብላ ጮኸች ጂኦሎጂስቷ። ሌላ ብርድ ልብስ ግን አልነበረም። እናት ትከሻቸው ላይ የነበረውን ወፍራም ጋቢ አውልቀው ወረወሩላት። «ከዚህ ወዲያ እንዳይመለስ» አሉ። በዚያ ተጠቅልሎ ሲገባ የሚገፋ ሁሉ ገፋ፣ የሚመታ ሁሉ መታ፤ ውሃው በዙሪያው ፊጭ፣ ፊጭ አለና ቀነሰ። ጠጠሩ ተጨመረ፤ ጭቃው ተረገጠ፤ ሲሚንቶው ከላይ ፈሰሰ። እኔ የነበርኩት ለሥራ ጉዳይ ነው፤ ሰው ጭቃ ሲያቀብል ቆሞ ማየት ግን ነውር ስለሆነ ጥቂት አቀብያለሁ። የደን ጠባቂው ቢጫ ቆቡን አድርጎ ከዳር ቆሞ አየ እንጂ ማንንም አልከለከለም።

ሲያልቅ የውሃው ጩኸት ቆመ። ሁሉም ጆሮውን ወደ ምንጩ ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። «ዛሬ አይመጣም» አለች ጂኦሎጂስቷ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «ሆዱ ባዶ ሆኗል፤ መሙላት አለበት።» ሰው ባዶ ባልዲውን ይዞ ወረደ። ያን ሰሞን ከተማው ከቦቴ ቀሪ ላይ እየተካፈለ፣ አንዱ የአንዱን ደጅ እያንኳኳ ሰነበተ። ተስፋ የቆረጠም ነበር፤ ጂኦሎጂስቷን በመንገድ ሲያያት ፊቱን የሚያዞር ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት የዳቦ ቤቱ ቧንቧ ሳለ፤ ቡኒ ውሃ ተፋ፤ ቆየና ጠራ። ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ መንገድ ላይ ወጥቶ አለቀሰ።

ልዑኩ የደረሰው በዚያው ዕለት ነው። ክቡር ዳይሬክተሩ ለእንግዶቹ ንግግር ሲለማመዱ ሰንብተው ስለነበር ጉድጓዱን ሄደው አላዩትም፤ ደፍሮ የነገራቸውም የለም። እንግዶቹን አስከትለው ተራራው ላይ ወጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው «ክቡራንና ክቡራት፣ እነሆ ፈሳሽ ሀብታችን!» አሉ። እጃቸው የጠቆመው የደረቀ የሲሚንቶ ክዳን ነበር። አንዲት እንሽላሊት ላዩ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

«የት አለ?» አለ የልዑኩ መሪ።

እኔ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ክቡር ዳይሬክተሩ ግን ቁልቁል አዩ። ከታች ከተማው ውስጥ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ልብስ ሲያሰጡ፣ ልጆች በጎማ ውሃ ሲራጩ ይታያል። እጃቸውን ሳያጥፉ ቀስ ብለው ከክዳኑ ወደ ከተማው አዞሩት።

«ይኸውላችሁ!» አሉ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ተጠናቋል። ሀብቱ ከጉድጓዱ ተነሥቶ በየቤቱ ገብቷል!»

«በምን ገባ?»

«በቧንቧ።»

«በስንት የሞተር ኃይል?»

«ያለ ሞተር። ያለ ነዳጅ። ያለ ቦቴ። ቁልቁለቱን ነው የተጠቀምንበት።»

የልዑኩ አባላት እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ቴክኖሎጂ ሰምተው አያውቁም። ሜዳሊያው እዚያው ደረታቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሹመቱም ሳምንት ሳይሞላ መጣ።

ነገር ግን የልዑኩ ሒሳብ ሹም፣ የመንግሥት ንብረት የሆነ ጉድጓድ ያለ ቃለ ጉባኤ መደፈኑን አይቶ ማስታወሻ ይዟል። ሕግ ሕግ ነውና ክቡር ዳይሬክተሩ ራሳቸው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ከተማውን ሙሉ ጠየቀ። ዳቦ ጋጋሪው እሁድ እንደሚተኛ ተናገረ። የቦቴው ሹፌር «እሁድ እሁድ ዓይኔን ያመኛል» አለ። ጂኦሎጂስቷ ቆብ ስትለይ እንደዋለች በቃሏ አረጋገጠች። የደን ጠባቂው፣ «እኔ እንድከለክል የታዘዝኩት መቆፈርን ነው። መድፈንን ከልክል ያለኝ የለም» አለ። እኔም ተጠይቄ፣ የምናገረው ክቡር ዳይሬክተሩ ያዩትን ብቻ መሆኑንና እሳቸው ምንም አለማየታቸውን አስረዳሁ። ያየውን የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቦቴዎቹ ሥራ የፈቱበት ተቋራጭ። እሁድ ዕለት ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዝዙ ከሩቅ ማየቱን ተናገረ። ማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ግን ፊታቸውን እንዳልለየ ማለ። የእናቱን እህት ሰው ከሩቅ እንዴት ይለያል?

ደብዳቤው ተረቀቀ፤ ለማስፈረም ወደ ቤታቸው ወሰድኩት። ክቡር ዳይሬክተሩ በረንዳ ላይ ሜዳሊያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። እናታቸው ጋቢ የለሽ ትከሻቸውን ፀሐይ እያሞቁ ጎመናቸውን በጎማ ያጠጣሉ። ክቡር ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ምርኩዝ የያዙ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት በዋና ተጠርጣሪነት ተፈልገው እንዲያዙ…›»

«ምን አደረገች ነው የምትሏት?» አሉ እናት ቀና ሳይሉ።

«የመንግሥት ጉድጓድ ደፈነች፣ እማዬ። ግድ የለም፣ ትገኛለች፤ አሁን ሥልጣኑ አለኝ። አልነገርኩሽም እንዴ? የአገሪቱ ጥብቅ ደኖች፣ ጥብቅ ተራሮች ሁሉ በኔ ሥር ሆነዋል። አንድም ሳይቀር ይጠናሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በዚያው ማሽን?»

«ከዚያ በሚበልጥ ማሽን!»

እናት ጎማውን ጎመኑ ሥር አስተኙት። ወደ በረንዳው መጥተው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከልጃቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ማሸት ጀመሩ። ብዙ ሳይቆዩም፣ «እንግዲያው መኪና አስመድብልኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ጉድጓድ በዚህ ጉልበቴ፣ በእግሬ እየዞርኩ አልደፍንም።»

ጎመኑ ሥር ውሃው ይፈሳል። ክቡር ዳይሬክተሩ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ምርኩዝ አዩት። የእናታቸውን ባዶ ትከሻ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ደብዳቤው መለሱ፤ «ማንነታቸው ያልታወቀ» የሚለውን ቀስ ብለው ደግመው አነበቡትና ፈረሙ።